አንድ ውጤት፣ ብዙ በር፦ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ የሚቀበሉት በአንድ መለኪያ አይደለም



በነሐሴ ወር መጀመሪያ ላይ አንድ አባት ወደ ቢሯችን መጡ። ገና ሳይቀመጡ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ወረቀቱ ልጃቸው ከአንድ ዩኒቨርሲቲ የደረሳትን መልስ አትማ የሰጠቻቸው ነው። ዕብራይስጥ ማንበብ ገና ስለሚያስቸግራቸው ትርጉሙን የነገረቻቸውም እሷው ናት። የነገረቻቸው ግን በአንድ ቃል ነው፦ «አልፈለጉኝም።»

«ከመጣን ሰባት ዓመታችን ነው» አሉን። «ልጅቱ ስትመጣ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ተማረች፣ ባግሩቷን አገኘች፣ ሠራዊት ገብታ ሁለት ዓመቷን ጨረሰች። አሁን አትረቢም ካሏት ይኼን ሁሉ ለምን ለፋች?»

ወረቀቱን አነበብነው። አትረቢም የሚል ቃል የለበትም። የሚለው ይህን ብቻ ነው፦ የአመልካቿ ሴኬም ለጠየቀችው የትምህርት ክፍል ለዘንድሮ ከተወሰነው ቁጥር በታች ነው። እንግዲህ መልሱ የአንድ ዩኒቨርሲቲ፣ የአንድ ትምህርት ክፍል፣ የአንድ ዓመት መልስ ነው። ልጅቱ ሌላ ቦታ አላመለከተችም። በማግስቱ ከአባቷ ጋር ስትመጣ ምክንያቱን ጠየቅናት፤ «አንዱ ካልተቀበለኝ ሌላው ለምን ይቀበለኛል? ውጤቴ እንደሆነ ያው ነው» አለችን።

ልጅ ለወላጅ አስተርጓሚ ስትሆን ክፉ ወሬ እንደሚያጥር ከልምዳችን እናውቃለን፤ ይህስ ግድ የለም። የከነከነን የኋለኛው አነጋገሯ ነው። ከብዙ ቤት ሰምተነዋል፤ ስህተትም ነው። ያው ውጤት በአንዱ ዩኒቨርሲቲ ሚዛን ቀሎ በሌላው ሊከብድ ይችላል። እንዴት እንደሆነ በዚህ እትም ለማስረዳት እንሞክራለን።

እዚህ የሚመድብ የለም

በኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ያለፈ ተማሪ ምርጫውን ይሞላል፤ ወደ የትኛው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ እንደሚሄድ የሚመድበው ግን ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ጎንደር ያደገ ልጅ ጅማ ወይም ሐዋሳ ሊደርሰው ይችላል። ፈተናው አንድ ነው፤ መዳቢውም አንድ ነው። ስለዚህ አንድ አባት «መንግሥት የት መደባት?» ብለው ቢጠይቁ ከሚያውቁት ሥርዓት ተነሥተው ነውና አይፈረድባቸውም።

በእስራኤል ግን እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪውን የሚመርጠው ራሱ ነው። የከፍተኛ ትምህርት ምክር ቤት ለተቋማት ዕውቅና ይሰጣል እንጂ ልጅ አይመድብም። በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ፣ በሐይፋ ቴክኒዮንና የሐይፋ ዩኒቨርሲቲ፣ በቴል አቪቭ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ፣ በራማት ጋን ባር ኢላን፣ በቤር ሼቫ ቤን ጉሪዮን፣ በአሪኤልም ከ2012 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ የሚል ስም ያገኘው ተቋም አሉ። እያንዳንዱ የራሱ የምዝገባ ጊዜ፣ የራሱ የማመልከቻ ክፍያ፣ የራሱ ስሌት አለው። ለአንዱ ማመልከት ለሌላው ማመልከት አይደለም። ዝም ብሎ የጠበቀን ልጅ የሚጠራው የለም።

ሦስቱን ነገሮች ለይተን እንወቅ፦ ባግሩት፣ ፕሲኮሜትሪና ሴኬም። ሴኬም የሚባለው የሁለቱ ድምር ውጤት ነው፤ ልዩነቱም የሚበዛው እሱ ላይ ነው። ነገሩ የሚጀምረው ግን ከባግሩት ስለሆነ እዚያ ላይ ትንሽ እንቆያለን።

ባግሩት ሁሉ ለዩኒቨርሲቲ አይበቃም

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያንዳንዱ ትምህርት በየሒዶት ይለካል። የሒዳ ማለት የትምህርቱ ስፋትና ክብደት መስፈሪያ ናት። ሒሳብንና እንግሊዝኛን አንዱ ልጅ በ3፣ ሌላው በ4፣ ሌላው በ5 የሒዶት ይማራል። የባግሩት ምስክር ወረቀት ለማግኘት ቢያንስ 21 የሒዶት ያስፈልጋል፤ ከእነዚህም ውስጥ ቢያንስ አንድ ትምህርት በ5 የሒዶት መሆን አለበት።

አሁን ልብ በሉ። እንግሊዝኛን በ3 የሒዶት ያለፈ ልጅ የባግሩት ወረቀቱን ያገኛል፤ ቤተሰቡም ደስ ይለዋል፣ ድግስም ይደገሳል። ዩኒቨርሲቲዎቹ ግን በአብዛኛው እንግሊዝኛን ቢያንስ በ4 የሒዶት ይፈልጋሉ። ባግሩት አለኝ ማለትና ለዩኒቨርሲቲ የሚበቃ ባግሩት አለኝ ማለት ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ይህን ከሠራዊት በኋላ ምዝገባ ሲደርስ ብቻ የሰሙ ወጣቶች በየዓመቱ ቢሯችን ይመጣሉ፤ በአሥረኛ ክፍል ማንም አልነገራቸውም። ለምሕንድስና፣ ለኮምፒውተርና ለመሳሰለው ደግሞ በሒሳብ 5 የሒዶት፣ ወይም 4 ሆኖ ከፍ ያለ ውጤት ይጠየቃል፤ ፊዚክስ የሚጠይቅም አለ።

ከዚህ ቀጥሎ ቦነስ የሚባለው ይመጣል። ትምህርቱን በከፍተኛ ደረጃ ለተማረ ዩኒቨርሲቲው ነጥብ ይጨምርለታል። በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች በ5 የሒዶት ለተወሰደ ሒሳብ 35 ነጥብ፣ ለእንግሊዝኛ 25 ነጥብ፣ ለሌሎች ቦነስ ለሚሰጥባቸው ትምህርቶች 20 ነጥብ ይጨመራል፤ ውጤቱ ግን 60 እና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ስለዚህ በ5 የሒዶት ሒሳብ 80 ያገኘ ልጅ ለዩኒቨርሲቲው 115 ሆኖ ይታያል። በ3 የሒዶት 100 ያገኘው ጎበዝ ግን 100 ሆኖ ይቀራል። መቶ ይዞ ወደ ቤቱ የመጣ ልጅ በሰማንያ ይበለጣል ብንላችሁ እንደማይጥማችሁ እናውቃለን፤ እኛም መጀመሪያ ስንሰማው አልጣመንም።

ዩኒቨርሲቲዎቹ እዚህም ላይ አንድ አይደሉም። የትኛው ትምህርት ቦነስ እንደሚያገኝ የየራሳቸው ዝርዝር አላቸው። ግዴታ ካልሆኑት ትምህርቶች አማካዩን የሚጎትተውን ጥለው ለልጁ የሚሻለውን አማካይ የሚያሰሉ አሉ፤ የሚጣለውም እንደየቦታው ይለያያል። ለምሳሌ አማርኛ ራሱ የባግሩት ትምህርት ሆኖ ይሰጣል። ልጃችሁ በአማርኛ ተፈትና ጥሩ ውጤት ካላት፣ በምታመለክትበት ዩኒቨርሲቲ ቦነስ ያስገኝላት እንደሆነ ሳይጠየቅ አይታለፍ። የኢትዮጵያን የ12ኛ ክፍል ምስክር ወረቀት ይዞ የመጣም ወጣት ቢኖር ወረቀቱን አይጣለው። አስተርጉሞ ለየዩኒቨርሲቲው የምዝገባ ክፍል ያቅርብ፤ አንዱ የሰጠው መልስ ሌላውን አያስረውም።

ፕሲኮሜትሪ

ይህን ፈተና የሚያዘጋጀው ዩኒቨርሲቲዎቹ በ1981 ያቋቋሙት ብሔራዊ የፈተናና የምዘና ማዕከል ነው። ውጤቱ ከ200 እስከ 800 ይደርሳል። ሦስት ክፍሎች አሉት፦ የቋንቋና የማሰብ ችሎታ፣ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ። ከ2012 ጀምሮ ድርሰት መጻፍም ተጨምሮበታል። በዓመት በተለያየ ጊዜ ይሰጣል። ከዕብራይስጥ ሌላ በዓረብኛና በተወሰኑ ቋንቋዎች ይፈተኑታል፤ በአማርኛ ግን የለም። በዕብራይስጥ ያልተፈተነ ሰው ያኤል የሚባለውን የዕብራይስጥ ፈተና እንዲወስድ ይጠየቃል፤ ከዚያ የሚፈለገው ነጥብም በየዩኒቨርሲቲው ይለያያል።

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ከፈተናው አንድ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ሦስት ቁጥሮች መውጣታቸውን ነው። በአጠቃላዩ ቁጥር ቋንቋ 40 በመቶ፣ ሒሳብ 40 በመቶ፣ እንግሊዝኛ 20 በመቶ ይይዛሉ። በሁለተኛው ቋንቋው 60 በመቶ ሲሆን ሒሳቡ 20 ይሆናል። በሦስተኛው ተገልብጦ ሒሳቡ 60፣ ቋንቋው 20 ይሆናል። ለእኛ ልጆች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከመጣ አምስትና ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ በዕብራይስጥ ቃላት ይወድቃል እንጂ በቁጥር አይወድቅም። አጠቃላዩ ቁጥር ዝቅ ብሎ የሒሳቡ ከፍ ያለለት ልጅ፣ የሒሳቡን ቁጥር ለሚያይ የትምህርት ክፍል ቢያመለክት የተሻለ ዕድል አለው። ለምሳሌ ቤን ጉሪዮን ለምሕንድስና የሚያየው በሒሳብ ላይ ያተኮረውን ሴኬም ነው።

በፕሲኮሜትሪ እንግሊዝኛ 134 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ከእንግሊዝኛ ኮርስ ነፃ ይሆናል። ያላገኘ በትምህርቱ ጊዜ እየተማረ ያሟላል፤ ይህ ደግሞ ጊዜም ገንዘብም ይበላል። ፈተናውን ደግሞ መውሰድ ይቻላል፤ በተለምዶ የሚታየውም ከፍተኛው ውጤት ነው። ማዘጋጃ ኮርሱ ውድ መሆኑ እውነት ነው። ሠራዊት ያገለገለ ወጣት ፒካዶን የሚባለውን ተቀማጭ ገንዘብ ለዚህ መጠቀም እንደሚችል ያውቅ። በየዓመቱ ገንዘቡን በመኪና ጨርሰው የሚመጡ አሉ።

ሴኬም፦ የየራሳቸው ሚዛን

ከሁሉም ግልጽ የሆነው የቴክኒዮን ስሌት ስለሆነ በእሱ እንጀምር። ቴክኒዮን የባግሩትን አማካይ ከነቦነሱ በ0.5 ያባዛል፤ ፕሲኮሜትሪውን በ0.075 ያባዛል፤ ሁለቱን ደምሮ 19 ይቀንሳል። የሚቀረው ሴኬም ነው።

ሁለት ልጆች እንውሰድ። የመጀመሪያዋ የባግሩት አማካይዋ 108፣ ፕሲኮሜትሪዋ 580 ነው። ከባግሩቱ 54፣ ከፕሲኮሜትሪው 43.5 ይወጣል፤ 19 ሲቀነስ 78.5 ይሆናል። ሁለተኛው የባግሩት አማካዩ 96፣ ፕሲኮሜትሪው 660 ነው። ከባግሩቱ 48፣ ከፕሲኮሜትሪው 49.5 ይወጣል፤ 19 ሲቀነስ እሱም 78.5 ይሆናል። በቴክኒዮን ሚዛን ሁለቱ እኩል ናቸው።

እነዚህኑ ሁለት ልጆች ፕሲኮሜትሪን ከባግሩት አብልጦ ወደሚመዝን ቦታ ብንወስዳቸው ልጁ ይቀድማል። በአንዳንድ የትምህርት ክፍል ከፍ ያለ የባግሩት አማካይ ብቻውን ይበቃል፤ እዚያ ደግሞ ልጅቱ ያለ ፕሲኮሜትሪ ትገባለች፣ ልጁ ይቀራል። ወረቀታቸው አልተለወጠም።

ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ሴኬም ሃያ ከምናምን የሚል ትንሽ ቁጥር ነው። የቴል አቪቭ 600 እና 700 በሚል ይነገራል። የቴክኒዮን ደግሞ ከላይ እንዳያችሁት 80 እና 90 አካባቢ ነው። ወጣቶቻችን «እኔ 78 አለኝ፣ እዚያ 24 ብቻ ነው የሚፈልጉት» እያሉ ሲከራከሩ ሰምተናል። ይህ ኪሎን ከሜትር ማወዳደር ነው። ቁጥሩ የሚነጻጸረው በዚያው ዩኒቨርሲቲ ለዚያው የትምህርት ክፍል ከተወሰነው ቁጥር ጋር ብቻ ነው። እሱም በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ አመልካች ሲበዛና ቦታ ሲያንስ ይወጣል፣ አመልካች ሲያንስ ይወርዳል። ዩኒቨርሲቲዎቹ አመልካች ራሱ ውጤቱን አስገብቶ የሚያሰላበት መንገድ አዘጋጅተዋል፤ የማመልከቻ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ይህን መሞከር ይጠቅማል።

በሕክምና ትምህርት ደግሞ ቁጥሩ ብቻ አይበቃም። ሞር ወይም ሚርካም የሚባሉ የጠባይና የአነጋገር ምዘናዎች አሉ። ቤን ጉሪዮን ከድሮ ጀምሮ ለግል ቃለ መጠይቅ ትልቅ ቦታ በመስጠት ይታወቃል።

በሌላ በር መግባት

ከ2000ዎቹ መጀመሪያና አጋማሽ ጀምሮ ቴል አቪቭ፣ የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ፣ ቤን ጉሪዮንና ቴክኒዮን ከተጎዱ ሰፈሮችና ከደካማ ትምህርት ቤቶች የመጡ አመልካቾችን ከሚፈለገው ቁጥር ጥቂት ዝቅ ቢሉም የሚያዩበት ሥርዓት አበጅተው ነበር። የሚታየው ልጁ ያደገበት ሰፈርና የተማረበት ትምህርት ቤት እንጂ ትውልዱ አልነበረም። ከዚህ ሌላ ለኢትዮጵያ ተወላጆች የተለየ የመግቢያ መንገድና ድጋፍ ያላቸው ተቋማት አሉ። ሁለቱም በየዩኒቨርሲቲው በስማቸው ተጠይቀው የሚገኙ ናቸው፤ ጊዜያቸውም ከመደበኛው ምዝገባ ሊቀድም ይችላል።

አንዳንድ ወጣቶች በዚህ መግባትን ያፍሩበታል። «በችሎታዬ ካልሆነ አልፈልግም» ይላሉ። ስሜቱን እናከብራለን፤ ሐሳቡን ግን አንቀበልም። በዚህ በር የገባውም በሌላው የገባውም አንድ ፈተና ይፈተናሉ።

መኺና የሚባለው የአንድ ዓመት ያህል የመሰናዶ ትምህርት ለብዙዎች ረድቷል። አንዳንዱ መኺና ባግሩትን ለማሻሻል ነው። አንዳንዱ ደግሞ ውጤቱ በባግሩት ቦታ ይቆጠራል፤ ይህ ግን ብዙ ጊዜ መኺናውን በሰጠው ዩኒቨርሲቲ ብቻ ነው። ከመመዝገብ በፊት «ይህ መኺና የት የት ይቆጠርልኛል?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሳይጠይቁ ዓመት ያባከኑ እናውቃለን።

ክፍት ዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያ ዲግሪ ባግሩትም ፕሲኮሜትሪም አይጠይቅም። ዲግሪው እንደሌሎቹ ዕውቅና ያለው ነው። መግባቱ ቀላል ነው፤ መጨረሱ ግን ብርቱ ሥራ ነው፤ ብቻቸውን ቁጭ ብለው ማጥናት የለመዱ ይሻላቸዋል። አፊኬ ማዓቫር የሚባል መንገድም አለው። በክፍት ዩኒቨርሲቲ የተወሰኑ ኮርሶችን በተጠየቀው አማካይ ያለፈ ተማሪ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ይሻገራል። ሴኬሙ ላልደረሰለት፣ ግን የሚፈልገውን ትምህርት ለቆረጠ ሰው፣ ይህን መንገድ ከሁሉ አስቀድመን እንነግረዋለን።

ኮሌጆችንም ጎረቤት ሰምቶ እንዳያፍር ብላችሁ አትለፏቸው። እኛም የተማርነው በኮሌጅ ነው። መንግሥት በጀት የሚሰጣቸው ኮሌጆች ክፍያ እንደ ዩኒቨርሲቲው ነው። የግሎቹ ከሁለት እጥፍ በላይ ያስከፍላሉ፤ ሁለቱን ሳይለዩ ተመዝግበው ዕዳ የገቡ አሉ። ለአዲስ ገቢዎች የትምህርት ክፍያ የሚረዳው ሚንሃል ሀስቱደንቲም የዕድሜና የዓመት ገደብ ስላለው፣ ልጁ ለመማር ባይቆርጥም እንኳ መብቱ መቼ እንደሚያበቃ አሁኑኑ ይጠየቅ።

የመልስ ወረቀት ሲመጣም «አልተቀበልንም» ቢል የመጨረሻ ላይሆን ይችላል። ቫዓዳት ሐሪጊም የሚባል የተለየ ጉዳይ የሚያይ ኮሚቴ አለ፤ ልጁ ዘግይቶ ወደ አገሩ መግባቱን፣ ወላጅ መታመሙን፣ እየሠራ መማሩን ከማስረጃ ጋር ጽፎ ማቅረብ ይቻላል። ሁልጊዜ ይሳካል አንልም።

ልጅቱስ ምን ሆነች?

ወደ ተነሣንበት እንመለስ። ልጅቱን የፕሲኮሜትሪ ወረቀቷን አምጪ አልናት። አጠቃላይ ቁጥሯ 540 ነው፤ ያመለከተችበት ዩኒቨርሲቲም ያየው እሱን ነው። ከሥር የተጻፈውን አላነበበችውም ነበር፤ በሒሳብ ላይ ያተኮረው ቁጥር 580 ይላል። የባግሩት አማካይዋ ከነቦነሱ 104 ነው። ኢኮኖሚክስ ነው የፈለገችው። በሌላ ከተማ ያለ ዩኒቨርሲቲ ለዚሁ ትምህርት የሒሳቡን ቁጥር ይወስዳል፤ ቦታም አልሞላም፤ ምዝገባውም ሊዘጋ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። እዚያው ቢሯችን ተቀምጣ አመለከተች። ከሁለት ሳምንት በኋላ በቅድመ ሁኔታ ተቀበሏት፤ ይኸውም እንግሊዝኛዋን በመጀመሪያው ዓመት እንድታሻሽል ነው።

አባትየው ለምስጋና የመጡ መስሎን ሻይ አፈላን። እሳቸው ግን ሌላ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። የታናሽ ወንድሟ ነው፤ ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል ይገባል። ትምህርት ቤቱ በሒሳብም በእንግሊዝኛም 3 የሒዶት ሀቅባጻ ውስጥ አስገብቶታል፤ ከታች የወላጅ ፊርማ የሚጠይቅ መስመር አለ። «ልጁ ፈርም አለኝ» አሉን። «እኔ ግን እዚህ ሳላሳይ አልፈርምም አልኩት።»

ፊርማው እስካሁን አልተፈረመም። ማክሰኞ ጠዋት ከመሐኔኹና ከዮዔጸቷ ጋር ቀጠሮ ይዘናል፤ አባትየውም አብረውን ይሄዳሉ።